በቀልዷ የተከሰሰችው ከንቲባ

በንጎዴን ደሴት ላይ ዲቦር ንዶንግን የማይፈራ ሰው ቢኖር ባሏ ዋሊ ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን ዓሣ አጥማጅ ስለሆነ የዓመቱን ስምንት ወር የሚያሳልፈው ባሕር ላይ ነው። ሴቶቹ «የጭቃው ዳኛ» ይሏታል፤ ፊት ለፊቷ ግን አይሏትም።

ንጎዴን በሴኔጋል የሳሉም ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት አካባቢ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሲሸሽ ከመንደሩ በስተምዕራብ ሰፊ ጭቃ ይገለጣል። ሴቶቹ ቅርጫታቸውን ይዘው ይወርዱና ጭቃውን እየጫሩ ዛጎል ይለቅማሉ፤ ቀቅለው ሥጋውን ያደርቁና ማዶ ገበያ ይልኩታል። ልጅ የሚማረው፣ ጣሪያ የሚቀየረው፣ ሠርግ የሚደገሰው በዚያ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ዛጎሉ እንዲያድግ ጭቃው ይዘጋል። የምትዘጋው፣ የምትከፍተው፣ የምትጠብቀውም ዲቦር ናት። ማንም አልሾማትም፤ ከእሷ በፊት የነበሩት ጠባቂዎች ለዘመድ እያደሉ ስላስቸገሩ ሴቶቹ ራሳቸው «አንቺ ያዢው» ብለው የሰጧት ነው። በኋላ ተጸጸቱ።

ከሁለት ክረምት በፊት በተዘጋው ጭቃ ላይ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ስትጭር አገኘች። ሴትዮዋ ቀና ስትል የገዛ እህቷ ሲጋ ሆና ቁጭ አለች። ሲጋ ድንገት እንግዳ መጥቶባት ነው፤ የለቀመችውም ለአንድ ድስት የሚበቃ ብቻ ነበር። ዲቦር ቅርጫቱን ተቀብላ አንዲት ሳታስቀር መልሳ ጭቃው ላይ ደፋችው። ያም አልበቃ ብሏት በሴቶቹ ስብሰባ ላይ ቅጣት አስወሰነችባት። ሲጋ ቂም ያዘች። ከዚያ ወዲህ እህትማማቾቹ ሰላም የሚባባሉት ሰው ሲያያቸው ብቻ ነበር።

ታዲያ ይህቺ ሴት ለከንቲባነት ልትወዳደር ነው ሲባል ሰዉ ቢስቅ አይፈረድበትም።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ በአንዲት ነጭ የሞተር ጀልባ ሁለት ሰዎች መጡና ጭቃውን ከዳር እስከ ዳር ለኩት። አንደኛው ትሑት ሰው ነበር፤ ሴቶቹን በፈገግታ «ከመጪው ዓመት ጀምሮ እዚህ አትገቡም፤ ለእንግዶች መዝናኛ ሊሆን ነው» አላቸው። ሴቶቹ እየሮጡ ወደ አሮጌው ከንቲባ ሄዱ። ከንቲባው ጉልበታቸውን እያሹ «እኔ የኪራዩን ውል አልፈረምኩም። ከእንግዲህም አልወዳደርም፤ መፈረም አለመፈረም ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው ፈንታ ነው» አሉ።

ከእሳቸው በኋላ እመጣለሁ ያለው ደግሞ ላንዲንግ ሳምቡ ብቻ ነበር። ላንዲንግ የደሴቲቱ ልጅ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ዳካር ውስጥ ጉምሩክ ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ ተመልሶ መንደሩ ውስጥ የመጀመሪያውን ባለ አንድ ፎቅ ቤት ያቆመ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ጭቃውን ያስለካው ድርጅት የጀልባ ማቆሚያ እንደሚሠራ፣ መብራት እንደሚያስገባ፣ ወጣቶችን እንደሚቀጥር፣ ለዚህም ጭቃውን ለሠላሳ ዓመት እንደሚከራይ በየሻዩ ያወራል። «ጭቃ እኮ ነው» ይላል፤ «በጭቃ መብራት ካገኘን ምን እንፈልጋለን?» ጭቃውን ጎንበስ ብሎ ጭሮ የማያውቅ ሰው እንዲህ ቢል አይገርምም።

ሴቶቹ ተሰበሰቡ። ላንዲንግ ካሸነፈ ይፈርማል፤ ከፈረመ ጭቃው ሄደ። ስለዚህ ከመካከላቸው አንዷ መወዳደር አለባት። ይህ ሁሉ በአንድ ድምፅ ከተባለ በኋላ «ማን?» ሲባል ሁሉም የእግራቸውን ጣት ማየት ጀመሩ። ዲቦር ዙሪያውን ቃኘች።

«እሺ፣ እኔ» አለች።

ከሴቶቹ ግማሾቹ ደስ አላቸው። ግማሾቹ ደግሞ ቀድመው እጃቸውን ባለማውጣታቸው ተጸጸቱ።

ማታ ለዋሊ ስትነግረው መረቡን እየጠገነ ነበር። ቀና እንኳን አላለም።

«ካሸነፍሽ እኔ ምን ልባል ነው?»

«የከንቲባዋ ባል።»

«ደመወዝ አለው?»

«የለውም።»

«ትእዛዝስ አለው?»

«ብዙ።»

«በይ እንግዲህ፣ የለመድኩት ሥራ ነው» አለና መረቡን ቀጠለ።

ምረጡኝ ማለት ግን ለዲቦር ከባድ ሆነባት። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታዝ እንጂ ሰው ስትለምን አልኖረችም። በየቤቱ እየዞረች በር ላይ ቆማ ታሳልና «ምርጫ ደርሷል» ትላለች፤ ከዚያ በኋላ የምትለው ይጠፋታል። አንዲት ወጣት ሙሽራ ደፈር ብላ «እትዬ ዲቦር፣ ከንቲባ ከሆንሽ ድስታችንን እየከፈትሽ ታያለሽ ሲሉ ሰማሁ» አለቻት።

«የተሰረቀ ከሌለበት ምን አስፈራሽ?» አለች ዲቦር። ያን ቤት በዚያው አጣችው።

በመጨረሻ የሲጋ በር ላይ ደረሰች። ሲጋ ማሽላ እየነፋች ነበር፤ ወንፊቷን አላስቀመጠችም፣ ወንበርም አላቀረበችም።

«ድምፅ ልትለምኚ ነው?»

«አዎ።»

«መጀመሪያ ስለ ቅርጫቴ ይቅርታ ጠይቂኝ።»

ዲቦር አሰበች። አንዲት ቃል ነበረች፤ ብትላት የእህቷን ድምፅ ብቻ ሳይሆን የእህቷን ጓደኞች አሥራ አምስት ድምፅ ታገኝ ነበር።

«እንግዳ ፊት ስላሳፈርኩሽ ይቅርታ» አለች፤ «ስለ ቅርጫቱ ግን አልልሽም። ዛሬም ባገኝሽ እደፋዋለሁ።»

ሲጋ መንፋቷን ቀጠለች። «እንደዚህ ሆነሽ ነው የምትመረጪው?» አለቻት። ዲቦር ወጥታ ስትሄድ ሰው እንዳያያት በጓሮ ዞረች።

ለምርጫው አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ሁለቱ ዕጩዎች አደባባዩ ላይ፣ በትልቁ ዛፍ ሥር ተራ በተራ እንዲናገሩ ተወሰነ። ላንዲንግ ቀደመ። ልብሱ ከመተኮሱ ብዛት በራሱ የሚቆም ይመስላል። ወረቀት ይዞ «ልማት» የሚለውን ቃል ከሃያ ጊዜ በላይ ጠራው። ሰዉ በጨዋነት አጨበጨበለት። ዲቦርም የትምህርት ቤቱ አስተማሪ የጻፈላት ንግግር ነበራት፤ አንዴ አየችውና አጥፋ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ የምታውቀውን መንገድ ያዘች።

በዚያ አገር ሴሬርና ጆላ የሚባሉት ሁለት ጎሳዎች የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው። ሴሬሩ ጆላውን «ሎሌዬ» ይለዋል፤ ጆላው ሴሬሯን «ገረዴ» ይላታል። አንዱ የሌላውን ሆዳምነትና ሌብነት በአደባባይ፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር ይዘረዝራል። የተሰደበ ሰው የባሰ ስድብ ፈልጎ ይመልሳል እንጂ አይቆጣም፤ ከተቆጣ ጥፋተኛው እሱ ነው። ዲቦር ሴሬር ናት። የላንዲንግ አባት ደግሞ ከደቡብ መጥተው ደሴቲቱ ላይ ጎጆ የቀለሱ ጆላ ነበሩ።

«እናንተ ሰዎች» አለች ዲቦር፣ «ይኼን ሎሌዬን ማነው እንዲህ ያለበሰው? ለካስ መጋረጃዬ የጠፋብኝ በምክንያት ነው።»

አደባባዩ በሳቅ ተናጋ። ዲቦር ሳቁ እስኪበርድ አልጠበቀችም።

«ጆላ ሩዝ ከሸተተው ዓይኑ አያይም፤ ይኼን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ባለ ነጭ ጀልባዎቹም አወቁበት። አንድ ድስት ሩዝ አሳዩት፤ እሱ ደግሞ የእናንተን ጭቃ ለሠላሳ ዓመት አሳያቸው። እኔ እምልህ ሎሌዬ፣ ድስቱ በመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ የቀረውን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ምን ልትበላ ነው? እኛ ደጅ ትመጣለህ። መጥተህ ዛጎል ስጡኝ ስትል፣ የትኛውን ዛጎል ነው የምንሰጥህ?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ በላይ የሳቁት ጆላዎቹ ነበሩ፤ የላንዲንግ አጎት ሽማግሌው አንሱማና በትራቸውን ጥለው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ይጠርጉ ነበር። ከዚያ ሁሉም ወደ ላንዲንግ ዞሩ። መልሱን ለመስማት ቸኩለዋል። እውነቱን ለመናገር ዕድሉ በእጁ ነበር፤ «ገረዴ፣ አንቺ ቅርጫት ስትደፊ ኖረሽ አሁን ደግሞ መንደር ልትደፊ ነው» ቢላት ኖሮ ግማሹ ሕዝብ የእሱ ነበር።

ላንዲንግ ግን ሃያ ስድስት ዓመት የደንብ ልብስ ለብሶ ሰላምታ ሲሰጠው የኖረ ሰው ነው። በልጅነቱ የሚያውቀውን ረስቶታል። የአንገቱ ሥር ተገተረ።

«ይኼ ስድብ ነው» አለ። «በሕግ እጠይቅሻለሁ።»

ሰዉ የመልሱ መጀመሪያ መስሎት ሳቀ። ላንዲንግ ወረቀቱን ሰብስቦ ሲሄድ ሳቁ ቆመ።

ከሦስት ቀን በኋላ የጸጥታ አስከባሪዎች ጀልባ መጥሪያ ይዞ መጣ። አስተማሪው አነበበላት፤ በአደባባይ ክብርን በመንካት ተከስሳለች፣ ማዶ የወረዳው አስተዳዳሪ ቢሮ መቅረብ አለባት። «ከምርጫው በፊት ጥፋተኛ ከተባልሽ ስምሽን ከዕጩነት ሊሰርዙት ይችሉ ይሆናል» አላት፤ እርግጠኛ ባይሆንም። ሰው ያልቻላትን ሴት የገዛ ምላሷ ጣላት። ጭቃውን ከላንዲንግ ቀድማ ራሷ የሸጠችው መሰላት።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጀልባው ስትወርድ ቀድመው የተሳፈሩ ሰዎች አገኘች። ሽማግሌው አንሱማና በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው አምስት የጆላ አባወራዎች ተደርድረዋል። ከሁሉም ጫፍ ላይ ሲጋ አለች።

ዲቦር አፏን ከፈተች። ሲጋ ቀደመቻት።

«ለአንቺ ብዬ አይደለም። ለጭቃው ብዬ ነው።»

«እሺ።»

«ትናንት በየቤቱ ዞሬያለሁ» አለች ሲጋ፣ ወደ ውሃው እያየች። «እህቴ ክፉ ናት አልኳቸው። የእናቷን ልጅ ቅርጫት የምትደፋ ሴት ናት። ለእኔ ያላዘነች ለባለ ነጭ ጀልባ ታዝናለች ወይ? እሱን አስቡት አልኳቸው።»

ዲቦር ተሳፈረች። ከእህቷ አጠገብ ተቀመጠች፤ ጀልባው ሲናጥ ትከሻቸው ይነካካ ነበር፣ ማናቸውም ፈቀቅ አላሉም።

የወረዳው አስተዳዳሪ መነጽር ያደረጉ ወጣት ሰው ናቸው። ከሰሜን፣ ከብት አርቢ ከሆነው ከፉላ ወገን ነው የመጡት። ላንዲንግ ቀድሞ ደርሶ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። አስተዳዳሪው ክሱን ጮክ ብለው አነበቡ፤ «ሎሌዬ ብላኛለች» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ወይዘሮ ንዶንግ፣ እርስዎ ሴሬር ነዎት?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ከሳሹስ ጆላ ናቸው?»

ላንዲንግ አዎ ከማለቱ በፊት ሽማግሌው አንሱማና በትራቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ።

«ጆላ ነበር» አሉ። «አሁን እንጃ። ጌታዬ፣ እኔ የዚህ ልጅ አጎት ነኝ፤ እኔም ክስ አለኝ። ይኼ ልጅ ገረዱ ስትቀልድበት ተቆጥቷል። አባቱ ይኼን ቢሰሙ ከመቃብር ተነሥተው ማዶ ይሰደዱ ነበር። የእኛ ሕግ ቅጣቱን ያውቀዋል፤ አንድ አውራ ዶሮና የይቅርታ መጠየቂያ የኮላ ፍሬ፣ በሰው ፊት፣ በገዛ እጁ። ይጻፍልኝ።»

«አባባ፣ ለዚህ የሚሆን ቅጽ ቢሮዬ ውስጥ የለም» አሉ አስተዳዳሪው።

«እንግዲያው አጉል ቢሮ ነው።»

አስተዳዳሪው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከንፈራቸው እየታገላቸው ነበር። ፉላና ሴሬርም እኮ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው። ወደ ዲቦር ዘንበል ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለመሆኑ ወይዘሮ ንዶንግ፣ ጌታዎን ሳያስፈቅዱ ነው ለከንቲባነት የተወዳደሩት? የእኔም ገረድ መሆንዎን ረስተውታል።»

«የላም ጠባቂ ጌታ አይሆነኝም» አለች ዲቦር፤ ካፏ ያመለጣት ነው።

ቢሮው በሳቅ ሞላ። በር ላይ የቆመው ጸጥታ አስከባሪ ሳይቀር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ያልሳቀው ላንዲንግ ብቻ ነው። ዙሪያውን አየ፤ አጎቱን፣ የአጎቱን ልጆች፣ ባለሥልጣኑን አየ። ያኔ ይመስለኛል የገባው። ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ቀስ ብሎ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ ክፍል ተሳስቶ እንደገባ ተማሪ ኩም አለ። ክሱን አነሣ።

ዶሮውንና የኮላ ፍሬውን አርብ ከስግደት በኋላ አመጣ። ራሱ ይዟቸው መጣ፤ ዶሮው በተተኮሰው ልብሱ ላይ ክንፉን እያርገፈገፈበት ላንዲንግ አደባባዩን አቋርጦ ዲቦር ፊት ቆመ። «ጥፋቴ ነው» ብሎ ሰጣት። ሰዉ አከበረው፤ ግን ድምፁን አልሰጠውም። ባህሉን ከረሳ ጭቃውንም ይረሳል ተባለ፤ ይኼ ወሬ በአንድ ቀን ደሴቲቱን ዞረ።

የምርጫው ዕለት ባሕሩ የሸሸው ልክ ረፋዱ ላይ ነበር። ሴቶቹ ሥራቸውንም ድምፃቸውንም ሊያጡ አልፈለጉምና ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ መርጠው ወረዱ፣ ግማሾቹ ለቅመው መጡ። ከጭቃው የመጡት እስከ ጉልበታቸው ጥቁር ሆነው ተሰለፉ። የምርጫ ኃላፊው ወለሉን ሦስት ጊዜ አስጠርጎ አራተኛው ላይ ተስፋ ቆረጠ።

ቆጠራው በትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ሆነ። እያንዳንዱ ፖስታ ይከፈታል፣ ስም ይጠራል። ውጭ በመስኮቱ በኩል የተደረደረው ሕዝብ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። መጀመሪያ ላንዲንግ፣ ላንዲንግ፣ ላንዲንግ ተባለ፤ ዲቦር የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ያዘች። ከዚያ ዲቦር፣ ከዚያ እንደገና ዲቦር። ከመካከል በኋላ የላንዲንግ ስም እየራቀ ሄደ። አስተማሪው ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፈ፤ ዲቦር ንዶንግ አራት መቶ ሠላሳ አንድ፣ ላንዲንግ ሳምቡ ሁለት መቶ ዘጠና ስምንት።

እልልታው ማዶ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ሲጋ የእህቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ዲቦርም አለቀሰች፣ ሰው ፊት፣ ያለ ሐፍረት። ላንዲንግ ሕዝቡን ሰንጥቆ መጣ። ዲቦር ፊት ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ገረዴ ከንቲባ ሆነች» አለ ጮክ ብሎ። «እንግዲህ ዛሬ ሩዜን ማን ሊሠራልኝ ነው?»

ከእልልታው የበለጠ ሳቅ ተነሣ። ሽማግሌው አንሱማና «ተመለሰ፣ ልጃችን ተመለሰ» እያሉ በትራቸውን ወደ ላይ አነሡ። ዲቦር አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ሥራዋን በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት ያቺ ነጭ ጀልባ መጣች። ከድርጅቱ የተላከው ሰው ጫማው የሚያብረቀርቅ ነበር፤ የኪራዩን ውል ዘርግቶ ብዕር አቀረበላት። የመንደሩ ምክር ቤት በዋዜማው በሙሉ ድምፅ ወስኖ ነበርና ዲቦር ብዕሩን ተቀብላ ከውሉ ሥር ሳይሆን በሌላ ወረቀት ላይ መልሱን ጻፈች። ፊደል የቆጠረችው በአርባ ዓመቷ ስለሆነ እጇ ቀርፋፋ ነው። ሰውዬው ሰዓቱን እያየ ጠበቀ፤ እሷም አልቸኮለችም። «ምክር ቤታችን አይሆንም ብሏል» ይላል ጽሑፉ፤ ሥሩ ላይ ስሟን ከነአባቷ ሙሉውን ፈረመች።

ሰውዬው ተቆጥቶ ወጣ። ተመልሶ ለመምጣት ግን ጊዜ አልፈጀበትም። ባሕሩ መቼ እንደሚሸሽ ሳይጠይቅ ነበር የመጣው፤ ዲቦር ስትጽፍ ውሃው ሸሽቶ ነጭ ጀልባዋ ጭቃው ላይ በጎኗ ተኝታለች። እስከ ማታ ድረስ መሄጃ የለም።

«ይቀመጡ» አለችው ዲቦር። «እንግዳ ነዎት።»

ሴቶቹ ትልቅ ሳህን ሩዝ አቀረቡለት፤ በዛጎል መረቅ የራሰ፣ ሎሚ የተጨመቀበት። መጀመሪያ በማንኪያው ጫፍ ቀመሰ። ከዚያ አቀርቅሮ መብላት ጀመረ፣ ሳህኑ እስኪነጣ ድረስ ቀና አላለም።

«ግሩም ነው» አለ በመጨረሻ፣ ከልቡ። «ይኼ ነገር የሚመጣው ከየት ነው?»

ዲቦር በመስኮቱ አሳየችው። ከጀልባዋ ባሻገር ሦስት መቶ ሴቶች ጎንበስ ብለው ጭቃውን ይጭራሉ፤ እየተሰዳደቡ ሲሳሳቁ ድምፃቸው እዚህ ይሰማል። ሰውዬው ወደ መስኮቱ ቀርቦ አያቸው። ከዚያ ውሉን አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተና በዝግታ፣ ትንሽ እያፈረ፣ ሳህኑን ገፋ አደረገላት።

«ካለ ጨምሩልኝ» አለ።